የኤሌክትሪክ ቡና ማፊያ አጸዳድና አያያዝ፦ ለጎንደር ውሃ፣ ለጎንደር መብራት

የኤሌክትሪክ ቡና ማፊያ የሚቆሽሸው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ከቡናው የሚወጣው ቅባት ነው፤ ሌላው ውሃው ሲፈላ ጥሎት የሚሄደው ነጭ ቅርፊት። ቅባቱን የሚያነሳው ሳሙናና ሶዳ ነው። ቅርፊቱን የሚያሟሟው ደግሞ ኮምጣጣ ነገር ነው፦ አቼቶ፣ ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ። የአንዱን ሥራ ሌላው አይሠራውም። ቱቦው በቅርፊት የተዘጋ ማሽን በሳሙና አይከፈትም፤ በቅባት የሸተተ ማጥለያም በአቼቶ ብቻ ሽታው አይለቅም። ብዙ ማሽን ያለ ዕድሜው የሚጣለው በዚህ ነው። የሚታየው ጆግና ማጥለያ በየቀኑ ይታጠባል፤ የማይታየው ቱቦ ግን ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ኮምጣጣ አልገባበትም።

ጎንደር ላይ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ ደለል። በርሜልና ጀሪካን ሥር የሚዘቅጠው ደቃቅ አፈር ማሽኑ ውስጥ ከገባ ሳሙናም አቼቶም አያሟሟውም። መድኃኒቱ ውሃው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማስዘቀጥና ማጥለል ነው።

ከዚህ በታች ያለው ውሃ ከኋላው ተሞልቶ ቡናው በማጥለያ እያለፈ ወደ መስታወት ጆግ ለሚንጠባጠብበት የተለመደ ማሽን ነው። እሳት ላይ ስለሚጣደው ሞካ ስለሚባለው ቡና ማፊያ መጨረሻ ላይ ይነሳል።

ውስጡ ምን አለ

ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን ብልሽት ሳይፈታ ይገምታል። ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው የውሃ መያዣው ነው። ከሥሩ ያለችው ቀዳዳ ውሃውን ወደ ታች ታወርዳለች። እዚያው ቀዳዳ ሥር ወይም ጎማ ቱቦው ውስጥ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለች። ውሃው በእሷ በኩል አልፎ ታጥፎ ወደተሠራው የአሉሚኒየም ቱቦ ይገባል። ከቱቦው ጋር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም በመብራት የሚግለው ማሞቂያ፣ ተጣብቋል፤ ያው ሬዚስታንስ ጆጉ የሚቀመጥበትንም ሰሃን ያሞቃል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ተቃጥሎ መብራቱን የሚቆርጠው ፊውዝም እዚያው ጎን ናቸው።

በዚህ ዓይነት ማሽን ውስጥ ፓምፕ የለም። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ነው ከፊቱ ያለውን ሙቅ ውሃ በጎማው ወደ ላይ የሚገፋው፤ ቫልቯ ደግሞ ወደ መያዣው እንዳይመለስ ትዘጋለች። ሲያፈላ የሚሰማው ጉርጉርታ ይኸው ነው። ውሃው ላይ ከደረሰ በኋላ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው መርጫ በኩል ቡናው ላይ ይዘንባል፣ በማጥለያው ያልፋል፣ ከሥር ባለችው ስፕሪንግ ያላት መክፈቻ ወደ ጆጉ ይወርዳል።

ውሃ ውስጥ ሟሙተው ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ሙቀት ሲያገኙ ይረጋሉ፤ የሚረጉትም በጣም በሚግለው ቦታ፣ በአሉሚኒየሙ ቱቦ ግድግዳ ላይ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ሬዚስታንሱ ይግላል፣ ውሃው ግን እንደ ድሮው አይሞቅም፤ ቴርሞስታቱ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ያጠፋል፣ ሲበርድ መልሶ ያበራል። ውጤቱም ቶሎ የማያልቅ፣ እንፋሎቱ የበዛ፣ ለብ ያለ ቡና ነው።

ከፍታችንም እዚህ ላይ አለበት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በማጥለያ ለሚወርድ ቡና የሚመከረው የውሃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ውሃው ቡናው ላይ እስኪደርስ ጥቂት ስለሚበርድ ንጹሕ ማሽን እንኳ እዚህ የሚደርሰው ወደዚያ የታችኛው ጫፍ ነው። ቅርፊት ተጨምሮበት ሌላ ዲግሪ ከወረደ ቡናው ቀጭንና ጎምዛዛ ይሆናል፤ ሰውም ቡናውን ወይም የቆላውን ሰው ይወቅሳል።

ውሃው

የከተማችን የቧንቧ ውሃ ዋና ምንጭ አንገረብ ግድብ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤትም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የግድብ ውሃ በክረምት ይደፈርሳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱ ያነሰ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ድንጋይ አቋርጦ ስለሚመጣ ማዕድኑ ይበዛል፤ ቱቦ የሚዘጋው እሱ ነው። የቤታችሁን ውሃ ለማወቅ የሻይ ማፍያችሁን ሥር ተመልከቱ። ነጭ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ቅርፊት ካለበት ቡና ማፊያውም ውስጥ ያው አለ። ሳሙና አረፋ አልወጣ ካለም ምልክት ነው።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የመጀመሪያው ደቂቃ ውሃ ቧንቧው ውስጥ የተኛውን ዝገትና አፈር ይዞ ይመጣል። እሱን ለወለል ማጠቢያ ቅዱት፣ ለቡና አይሁን። ለማሽኑ የሚሆነውን ክዳን ባለው ዕቃ ሌሊቱን አሳድሩ፤ ጠዋት ሳትነቀንቁ ከላዩ በጣሳ ጨልፉ። ከጀሪካን እየገለበጣችሁ በቀጥታ ወደ ማሽኑ አትሙሉ፤ ሲገለበጥ ከሥር ያለው ሁሉ ይነሳል። በክረምት ከጨለፋችሁም በኋላ ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥሉት። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ውሃ ሁልጊዜ ተዋት።

የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ቀድማችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ሲፈላ የማዕድኑ አንድ ክፍል ድስቱ ሥር ይቀራል፤ ከላዩ የተጨለፈው ለማሽኑ ይቀላል። ድስት መፋቅ ቱቦ ከመፋቅ ይሻላል። ማፍላቱ ሌላም ጥቅም አለው። ማሽኑ ውሃውን የሚያሞቀው ለጥቂት ሰኮንዶች ስለሆነ የማይታመን ውሃን ያክማል ብሎ መደገፍ አይቻልም።

ውሃ አጋር የተጨመረበት ውሃ ማሽኑን አይጎዳም፤ የክሎሪኑ ሽታ ግን ቡናው ላይ ይቀራል። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይህንንም ያነሳል።

ውሃ መያዣው ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይግባ። ወተት፣ ስኳር፣ ጨው፣ የጀበና ቡና ትራፊ ምንም። ስኳርና ወተት ቱቦው ውስጥ ያርራሉ፣ ጨው አሉሚኒየሙን ይበላል። በጨው ወይም በጤና አዳም የሚጠጣ ሰው ሲኒው ላይ ይጨምር። የተፈጨ ኮረሪማ ወይም ቀረፋ ማጥለያው ላይ ከቡናው ጋር የሚጨምሩ አሉ፤ ዱቄቱ ማጥለያውን ስለሚደፍን ቅመሙን ከቡናው ፍሬ ጋር ሸክሸክ አድርጎ መውቀጥ ይሻላል።

አወቃቀጡ

በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ለጀበና መልካም ነው፤ ዱቄቱ ከሥር ይዘቅጣል፣ አንገቱና ውታፉ የቀረውን ይይዛሉ። ማጥለያ ላይ ግን ያው ዱቄት ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ውሃው ይጠራቀምና ማጥለያው ከሚቀመጥበት ቅርጫት ሞልቶ ይፈሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ቡናና አተላ የሚዘረገፈው በዚህ ነው። ሙቀጫ ድቃቂና ሸካራ አደባልቆ ስለሚያወጣ መፍትሔው ቀላል ነው። ከወቀጣችሁ በኋላ በጥሩ ወንፊት ንፉት። ከወንፊቱ በታች የወረደውን ደቃቅ ለጀበና አስቀምጡ፣ በላይ የቀረውን ለማሽኑ ተጠቀሙ። መፍጫ ቤት የምታስፈጩ ከሆነም «ለማጥለያ ነው፣ ሻከር ይበል» በሉ፤ ካልተነገራቸው የሚፈጩት ለጀበና ነው።

ልኩ ለ1 ሊትር ውሃ ከ55 እስከ 60 ግራም ነው፤ በሾርባ ማንኪያ ልክ ልኩን 10 ገደማ። ቅርጫቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ በደረቅ ቡና መሞላት የለበትም፤ ውሃ ሲያገኝ ይነፋል።

ቤት ምጣድ ላይ በጣም ጠቁሮ የተቆላ ቡና ላዩ ላይ ቅባቱ ይወጣል። ጠረኑ ደስ ይላል፣ ግን ማጥለያውንና ጆጉን ቶሎ የሚያቆሽሸው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቡና የምትወዱ ከሆነ ከታች ያለውን የሳምንት ጽዳት በየሦስት ቀኑ አድርጉት።

በየቀኑ

ቡናው እንዳለቀ ማሽኑን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ። አተላው ማጥለያው ውስጥ አይደር፤ እርጥብና ሙቅ ስለሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ማጥለያውንና ቅርጫቱን በሙቅ ውሃና በጥቂት ላርጎ በለስላሳ ስፖንጅ እጠቡ። ሽቦ አይነካቸው። የማጥለያውን ወንፊት ከውጭ ወደ ውስጥ ውሃ አፍስሱበት፤ በውስጥ በኩል ብቻ ከታጠበ የተሰካው ዱቄት ይበልጥ ይገባል። ከቅርጫቱ ሥር ያለችውን ስፕሪንግ ያላት መክፈቻ በጣት ሦስት አራት ጊዜ እየተጫናችሁ ውሃ አሳልፉባት። ጆጉ ሲነሳ ቡናው እንዳይንጠባጠብ የምትዘጋው እሷ ናት፤ አንዲት ፍሬ አተላ ከተሰካባት ወይ ታንጠባጥባለች ወይ ጭራሹን አትከፈትም።

ጆጉን ከማጠባችሁ በፊት ይቀዝቅዝ። ከሰሃኑ የወረደ ትኩስ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

የተረፈ ውሃ መያዣው ውስጥ ካለ ገልብጡት፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ሰዓት ያህል አናፍሱ። ሲደርቅ ክደኑት። በተለይ ማታ ክፍት ማደር የለበትም። በረሮ ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ይህ ማሽን ሦስቱንም ይሰጠዋል። ቤታችሁ በረሮ ካለ ማሽኑን ከምድጃና ከፍሳሽ ማጠቢያው አርቁ፣ ከሥሩ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በየጊዜው በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ፍሊት ግን በፍጹም አይነፋበት፤ መርዙ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ከቡናው ጋር ይወርዳል።

በየሳምንቱ፦ ቅባቱን ማንሳት

ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሟሙ፤ እንጀራ ወይም ዳቦ ላይ የሚጨመረው ቤኪንግ ሶዳ ማለት ነው። ማጥለያውንና ቅርጫቱን ለግማሽ ሰዓት ንከሩ። ውሃው ቡናማ ሲሆን ታያላችሁ፤ ያ በየቀኑ እጥበት ያልወጣው ቅባት ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማዕዘኖቹን ፈትጋችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ሽታ መኖሩን ለማወቅ ማጥለያውን ደረቅ እያለ አሽትቱት። የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ድገሙት።

ለጆጉም ያው ሶዳ ይሆናል። ሥሩ ላይ ያረፈ ጥቁር ክብ ካለ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ፣ ጥቂት ላርጎና ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ ደጋግማችሁ አሽከርክሩት። ሩዙ መስታወቱን ሳይጭር ይፈትገዋል። የጆጉን ክዳን አትርሱ፤ ማጠፊያው ሥር ያለው ቅባት ጠዋት ጠዋት የሚሰማው መጥፎ ጠረን ምንጭ ነው።

ከላይ ውሃ የሚረጨውን መርጫ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ የተደፈኑ ቀዳዳዎቹን በስንጥር ክፈቱ። መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ውሃውም ወደ አንድ ወገን ብቻ ይወርዳል። የጆጉን ሰሃን ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅ፣ ያረረ ካለበት በሶዳ ሊጥ ደቂቃዎች አቆይታችሁ ጥረጉ።

ሶዳውን ግን ውሃ መያዣው ውስጥ አትጨምሩ። ያልሟሟው ፍሬ ቫልቯ ላይ ይቀመጣል፣ ሶዳውም አሉሚኒየሙን ያጠቁረዋል። ላርጎና ኦሞም እንዲሁ እዚያ አይገቡም፤ አረፋው ከቱቦው ለመውጣት ብዙ ውሃ ይፈጃል፣ መዓዛውም አይለቅም።

ቅርፊቱን ማውጣት

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። ለጉድጓድ ውሃ በወር አንድ ጊዜ፣ ለቧንቧ ውሃ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ከቀን መቁጠሪያው የበለጠ የሚታመን መለኪያ ግን አለ። ማሽኑ አዲስ ወይም ንጹሕ እያለ 1 ሊትር ውሃ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ከሥሩ ለጥፉት። 900 ዋት የሆነ ማሽን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ያ ሰዓት በሲሶ ሲረዝም ቀኑ ደርሷል።

ከሦስቱ ኮምጣጣዎች ምርጡ ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቶሎ ይታጠባል። ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም ከ25 እስከ 30 ግራም። ማብዛት አያስፈልግም፤ ሲበዛ ከካልሲየሙ ጋር ሌላ ነጭ ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል። አቼቶ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚለውን ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ጠርሙሱን ሳታነቡ አትጨምሩ፤ በጣም የጠነከረ አሴቲክ አሲድም ይሸጣል፣ እሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጎማውንም ይጎዳል። ሎሚ ከሆነ ጨምቃችሁ ሥጋውና ፍሬው እንዳይገባ በጨርቅ አጥሉ፣ ከውሃ ጋር እኩል አድርጉ። ሎሚ ለስስ ቅርፊት ይሆናል፤ ዓመት ለቆየ ግን አቅም ያንሰዋል።

በረኪና በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። ቅርፊት አያሟሟም፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ማውጣቱ ነው። አቼቶና ሶዳን አንድ ላይ መጨመርም ትርፉ አረፋ ብቻ ነው፤ አንዱ ሌላውን ስለሚያከሽፈው ቅርፊቱ ባለበት ይቀራል።

አሠራሩ፦

1. ማጥለያውን ባዶ አድርጋችሁ መልሱ። የወረቀት ማጥለያ ካለ አንድ ጣሉበት፤ የሚፈነቀለውን ቅርፊት ይይዛል፣ ምን ያህል እንደወጣም ያሳያችኋል።

2. ኮምጣጣውን በሌላ ዕቃ ሙሉ በሙሉ አሟሙና ወደ ውሃ መያዣው አፍስሱ። ጆጉን ቦታው ላይ አድርጉ።

3. አብሩት። ግማሹ ጆጉ ውስጥ ሲወርድ አጥፉት። ቱቦው በሙቅ ኮምጣጣ እንደተሞላ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሥራው የሚሠራው በዚህ ግማሽ ሰዓት ነው። ሳያቆሙ አንዴ አሳልፎ መጨረስ ቱቦውን ከማራስ አያልፍም።

4. መልሳችሁ አብሩና ይጨርስ። የወረደውን ተመልከቱ። ድፍርስ ወይም ነጭ ፍርፋሪ ያለበት ከሆነ በጨርቅ አጥላችሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል መልሳችሁ በዚያው ፈሳሽ ድገሙ።

5. ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ሙሉውን አውርዱ፣ ድፉት። ለሲትሪክ አሲድና ለሎሚ ሁለት ጊዜ፣ ለአቼቶ ሦስት ጊዜ። በየመሐሉ አምስት ደቂቃ ይረፍ። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ይህን ሥራ አትጀምሩት፤ 4 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል።

6. የመጨረሻውን ውሃ ቅመሱ። ምላስ ላይ የሚጎመዝዝ ከሆነ አንድ ተጨማሪ።

7. ደቂቃውን ለኩ። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ካልተመለሰ ነገ ድገሙ። በጣም የተዘጋ ቱቦ በአንድ ቀን አይከፈትም፤ ኮምጣጣውን ማጠንከር ሳይሆን ደጋግሞ ማሳለፍ ነው የሚያዋጣው።

የወጣው ሙቅ ኮምጣጣ ለሻይ ማፍያው ይሆናል፤ ሥሩ ያለውን ነጭ ቅርፊት በዚያው አንሱበት።

ውሃ መያዣው ውስጥ ሻጋታ ወይም የሚያዳልጥ ነገር ካለ አስቀድማችሁ በስፖንጅ አውጡት፣ ከዚያ በአቼቶ ከላይ ያለውን ሂደት አድርጉ።

መብራት

የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ሥሩ ላይ 120 ቮልት የሚል ከሆነ ሶኬቱን በአስማሚ ቀይሮ መሰካት ያቃጥለዋል፤ ሬዚስታንሱ ከተሠራበት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ከማሽኑ ሰፋ ይበል። ለ900 ዋት ማሽን 1,500 ዋት የሚል ግዙ።

መብራት ሲጠፋ ወዲያው ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያው ቀላል፣ ተጫን ተነሳ የሚባለው ዓይነት ከሆነ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ባለበት ይቀጥላል፤ ቤት ሰው ባይኖርም፣ ውሃ ባይኖርበትም። ባዶውን የጋለ ቱቦ ፊውዙን ያቃጥላል። ሲመለስም የመጀመሪያው ግፊት ከፍ ሊል ስለሚችል አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩ።

ማታ ማታ ወይም ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል። 180 ቮልት ላይ ማሽኑ የሚያገኘው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ቡናው ቢዘገይና ቢቀዘቅዝ ያኔ ጥፋቱ የቅርፊት አይደለም። ስለዚህ ደቂቃውን የምትለኩት ምጣድ ባልተጣደበት ሰዓት ይሁን። ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይም አይሰካ።

ሲበላሽ

ውሃው አለ፣ መብራቱ በርቷል፣ ግን ጠብ አይልም፤ ቱቦው አየር ይዟል ወይም ቫልቯ ላይ ቅርፊት ተቀምጧል። ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ውሃውን ድፉ፣ ማሽኑን ዘቅዝቃችሁ ሥሩን በመዳፍ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ በመያዣው ሥር ባለችው ቀዳዳ ግፉ። ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ቅርፊት በወጣ ማግስት ይህ ቢገጥም አትደንግጡ፤ የተፈነቀለው ፍርፋሪ ነው።

እንፋሎቱ በዝቶ ውሃው ካነሰ፣ ቅርፊት። ከቅርጫቱ ሞልቶ ከፈሰሰ፣ ዱቄቱ ደቋል ወይም ስፕሪንጓ ተሰክታለች ወይም ጆጉ እስከ ውስጥ አልገባም። ቅርፊት ካወጣችሁ በኋላ ቡናው ከጎመዘዘ፣ በደንብ አልተለቀለቀም። ከመረረና ዘይት ዘይት ካለ፣ ቅባት ነው፤ ሰሃኑ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆየ ቡናም እንዲሁ ይመራልና ቴርሞስ ውስጥ ገልብጡት።

ከሥሩ ውሃ ካንጠባጠበ ወዲያው ንቀሉና አትጠቀሙበት፤ ሬዚስታንሱ እዚያው ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የደረቀ ጎማ ወይም የላላ ማሰሪያ ነው። የሚተካው ሙቀት የሚችል፣ ለምግብ የሚሆን ሲሊኮን ቱቦ ብቻ ነው። የአትክልት ማጠጫ ወይም የነዳጅ ጎማ ቆርጦ መግጠም ቤንዚን የሚሸት ቡና ከማምጣቱም በላይ ሙቀቱን አይችልም።

ጭራሹን አልበራ ካለ፣ ሶኬቱ በሌላ ዕቃ ተሞክሮ ደህና ከሆነ፣ ፊውዙ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህን ለጠጋኝ ስጡ፤ ሁለት ነገር ግን አስረግጣችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ የሚተካው ፊውዝ አሮጌው ላይ ከተጻፈው ዲግሪና አምፔር ጋር አንድ ይሁን። ፊውዙን ዘልሎ በሽቦ ማገናኘት ማሽኑን ያስነሳዋል፣ ቤቱንም ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለተኛ፣ በብየዳ ሳይሆን በብረት ቀለበት ተጨምቆ ይያያዝ፤ የብየዳው ሙቀት አዲሱን ፊውዝ ሳይሠራ ያቃጥለዋል። ፊውዝ በከንቱ አይቃጠልም፤ ተተክቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ቅርፊት ማውጣት ነው።

ሞካ ለምትጠቀሙ

ሞካ አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ሶዳ፣ በረኪናና ሽቦ አይወድም። ከተጠቀማችሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ ፈታችሁ በሙቅ ውሃና በጣታችሁ እጠቡ፤ ቅባት ሲይዝ ብቻ በጥቂት ላርጎ። ክፍሎቹን ለየብቻ አድርቁ። እርጥቡን ገጥሞ ማስቀመጥ ውስጡን በነጭ ዱቄት ያለብሰዋል። ሲገጥሙት እጀታውን ይዞ ማጥበቅ እጀታውን ይሰብራል፤ ገላውን ያዙ።

ውሃው ከጎን ካለችው የነሐስ ቫልቭ በታች ይሁን። ይህች ቫልቭ ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍስ ናት፤ በየወሩ ከውጭ ፒኗን በጣት ነቅንቁ። የማትንቀሳቀስ ከሆነ የታችኛውን ክፍል በሲትሪክ አሲድ ውሃ 20 ደቂቃ ንከሩ፣ አሁንም ካልተንቀሳቀሰች እሳት ላይ አትጣዱት። የላይኛው ጎማ ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ ወይም እንፋሎት በመገጣጠሚያው ሲወጣ ይቀየር። ስትገዙ የሲኒ ቁጥሩን ተናገሩ፤ የ3 ሲኒ ጎማ የ6 ሲኒ ሞካ ላይ አይገጥምም። ከጎማው ሥር ያለውን ክብ ወንፊትም አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አቅርቡ፤ ብርሃን የማያሳልፍ ቀዳዳ ካለ በብሩሽ ክፈቱት።